የመበለቲቱ ከተማና የእኔ እርማት

እኔ የአፈር ሰው ነኝ። ዶክትሬቴንም የያዝኩት በአፈር ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጭቃ ስመዝንና ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በእግሬ ረግጬው የማላውቀውን የአንድ የፊሊፒንስ ከተማ አመሠራረት ጻፍኩና ከስሜ ፊት «ዶክተር» የሚለውን አስቀመጥኩበት፤ እዚያ ያሉት ሰዎችም የታሪክ ዶክተር መሰልኳቸው። አመኑኝ። ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው!

ነገሩ የመጣው በሚስቴ በኩል ነው። ግራ ጎኗን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ስቶክሆልም፣ አካላ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በሳምንት ሦስት ቀን ረዳት ይላክልናል፤ ሄምቼንስት ይሉታል። የምትመጣልን አንዲት ፊሊፒናዊት ናት። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ ሥራ የማትፈራ ሴት። የሚስቴን ፀጉር ስታጥብ ሁለቱም በተሰባበረ ስዊድንኛ ያወራሉ፤ ማን ሊያስቆማቸው! ሚስቴ ታማ ከተኛች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማኋት በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ነው። እንግዲህ የበደልኩት ይህችን ሴት ነው።

በረዶው እየቀለጠ ባለበት ሰሞን አንድ ቀን ሥራዋን ጨርሳ ካፖርቷን ከለበሰች በኋላ ኩሽና መጥታ ተቀመጠች። ተቀምጣ አታውቅም። በስዊድንኛ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው፤ እሷ ግን በየመሐሉ «ዶክተር» ስለምትጨምርበት በጆሮዬ የሚገባው አንቱታ ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለች። የትውልድ ከተማዋ የተቆረቆረችበትን ቀን ልታከብር ነው። ኮሚቴ ተቋቁሞ ስለ ከተማዋ አመሠራረትና ስለ ስሟ የሚወራውን ሁሉ እየሰበሰበ ነው፤ በአነስተኛ መጽሐፍ ይታተማል፣ በክብረ በዓሉም ላይ በሕዝብ ፊት ይነበባል። እናቷ ከአያታቸው የሰሙት አንድ ተረት አለ። ዛሬ ያን ተረት አሟልቶ የሚናገር ሰው በከተማው ውስጥ ከእሳቸው በቀር የለም። ኮሚቴው ግን የአሮጊት ወሬ ነው ብሎ ወደ ጎን ትቶታል።

«እንግሊዝኛውን እኔም መጻፍ እችላለሁ» አለች። እውነቷን ነው፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። «እኔ ከጻፍኩት ግን የልጇ ወሬ ነው የሚሆነው። እርስዎ ቢጽፉት ይቀበሉታል። እናቴ ዘጠና ዓመት አልፏታል። በሕይወት እያለች፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የራሷ ተረት ሲነበብ እንድትሰማ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ምን ችግር አለው!» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ዶክተር» የሚለኝ ሰው አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ስለ ከተማዋ ስም ሦስት ተረት አለ። ከተማዋ የምትጠራው በአንድ ትልቅ ዛፍ ስም ነው፤ እዚህ ላይ ሦስቱም ይስማማሉ። ዛፉ ዛሬም በአደባባዩ ዳር አለ ይላሉ፤ የለም፣ የልጅ ልጁ ነው የሚሉም አሉ። የሚጣሉት ከዛፉ ሥር መጀመሪያ ማን ቆመ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው፣ አንድ የስፔን ቄስ በፈረስ መጥቶ ከጥላው ሥር ቀደሰ፣ ከተማዋንም ቆረቆረ ይላል። ሁለተኛው የአንዲት ቅድስት ምስል ተረት ነው፤ ምስሏን ወደ ሌላ መንደር ቢወስዷት በማግስቱ እግሯ ጭቃ እንደነካ ዛፉ ሥር ተመልሳ ተገኘች ይባላል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። «የእኛም አገር ታቦት እኮ አልሄድም ይላል» አልኳት፤ «ከዚያ በቆመበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ይሠራለታል።» ሚስቴ ከመኝታ ቤት «እውነቱን ነው!» ብላ ጮኸች።

ሦስተኛው የእናቷ ነው። ልጅቱ፣ ረዳታችን፣ እናቷን በስልክ ቀርጻቸው ነበርና በሁለት ቀን ቁጭ ብላ ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። የባሕር ዘራፊዎች የዳርቻውን መንደር አቃጠሉት። ባሏ የተገደለባት አንዲት መበለት ልጆቿንና ሰባት ቤተሰብ አስከትላ ወንዙን ይዛ ሽቅብ ተጓዘች። ዛፉ ጋ ሲደርሱ ልጆቹ መራመድ አቃታቸው። ወንዶቹ ለጎጆ የሚሆን ቅርንጫፍ ሊቆርጡ መጥረቢያ ሲያነሱ መበለቲቱ ከለከለቻቸው። «ይህ ቤት ባለቤት አለው፤ ሳይፈቀድልን አንገባም» አለች። ከዚያም በዛፉ የሚኖሩትን፣ በዓይን የማይታዩትን፣ በአክብሮት ተጣራች፦ «ይቅርታ፣ እንግዶች ነን። ተባረን መጥተናል። ከእናንተ ጋር አስጠጉን።» የቀራትን አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ ልጆቿ እየተራቡ፣ ከሥሩ አስቀመጠች። ሲነጋ ሩዙን ጉንዳን እንኳ አልነካውም። ለልጆቻችን መለሱልን፣ ተፈቅዶልናል አሉ፤ ሩዙን ቀቅለው ልጆቹን አበሉና ጎጆ ቀለሱ። ከተማዋንም በባለቤቱ ስም ጠሯት፣ በዛፉ።

እናቲቱ ሲተርኩ «ይቅርታ፣ እንግዶች ነን» የሚለው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ቃሉን አብረዋቸው ይላሉ። ልጆቹ ዛሬ በየአገሩ ተበትነዋል፤ እሳቸው ግን አሁንም እዚያ ላይ ቆም ይላሉ። በቅጂው ውስጥ ያ ዝምታ ይሰማል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። ወንጌላውያን ነን፤ በቤተ ክርስቲያናችን እኔ ሽማግሌ ነኝ። ምስክርነት መስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ወደ እኔ ይመጣል። ሕዝባችን ማይክ ከያዘ አይለቅም፤ ስለዚህ ጽፈው ያመጡልኛል፣ እኔ አሳጥረዋለሁ። ማሳጠር ስል፣ ጠንቋይ ቤት የሄደችው አክስት ትወጣለች፣ ጠበሉ ይወጣል፣ ባልየው የሰደባት ስድብ ይወጣል። «ማጽዳት» እለው ነበር። ሲነበብ ጉባኤው «አሜን!» ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ ከሁስቢ ሰፈር የሚመጡ አንዲት እናት «ወንድሜ፣ በጣም ያምራል፤ ግን እኔ አይደለሁም» አሉኝ። ሳቅሁና አለፍኩት።

ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ ከቤታችን ጀርባ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ የሰፈሩ አድባር ነው። እናቴ በዓመት አንዴ ከጎረቤቶቿ ጋር ንፍሮ ይዛ ትወጣለች፣ ግንዱንም ቅቤ ትቀባዋለች። ጌታን በተቀበልኩ በዓመቱ፣ ገና ጢሜ እንኳ በደንብ ሳይበቅል፣ ሴቶቹ እንደተቀመጡ ደረስኩና ንፍሮውን በእግሬ ደፋሁት። «ለእንጨት ትሰግጃለሽ?» አልኳት፣ በጎረቤት ፊት። እናቴ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ንፍሮውን ከመሬት አንድ በአንድ ለቀመች። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ በምስክርነት ተናግሬዋለሁ መሰላችሁ! የድፍረቴ ማስረጃ ነበር። አንድ በአንድ መልቀሟን ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም። የራሴንም አጽድቼዋለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የመበለቲቱ ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስሜ ከሥሩ ሊጻፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኜ ዛፍ ስለለመነችና ስለተፈቀደላት ሴት ልመሰክር? ሰውስ ቢሰማ ምን ይላል? ወዲያው ደግሞ «ኮሚቴው ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ቢጥለውስ? ለእሷው ብዬ ነው» አልኩ። ድንቄም ለእሷ! በእኔ ጽሑፍ መበለቲቱ ከዛፉ ሥር ተንበርክካ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጸለየች። ሩዟን ለልጆቿ አካፈለች። ጉንዳኗን እንኳ አስወጣኋት። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። አንብቤ ስጨርስ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ከመላኩ በፊት ላንብበው?» አለችኝ ልጅቱ።

«አታስቢ፣ ልኬዋለሁ» አልኳት። አልላክሁትም ነበር። ወጥታ በሩን ስትዘጋ ላክሁት።

ኮሚቴው ተቀበለው። ያን ዕለት የነበራትን ደስታ አልረሳውም፤ ሚስቴን አቅፋ እያወዛወዘች «ተነበበ በሉ! የእናቴ ተነበበ በሉ!» ስትል እኔ በኩራት ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

ክብረ በዓሉ በግንቦት ነበር። እዚያ ቀኑ ሲያዘነብል እዚህ ረፋድ ነው። የዕረፍት ቀኗ ቢሆንም በትልቅ ሳህን በአትክልት የተጠበሰ ቀጭን ኑድል ይዛ መጣች፤ በስልኳ በቀጥታ የሚተላለፈውን አብረን ልናይ። ሚስቴን በተሽከርካሪ ወንበሯ ወደ ጠረጴዛው አስጠጋናት፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን አቆምነው። እናቲቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጭ ፀጉራቸው ወደ ኋላ ተይዟል፣ በማራገቢያ ፊታቸውን ያራግባሉ። የሚያነበው ከኮሚቴው አንዱ፣ አንድ ወጣት መምህር ነው፤ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንቀጽ በቋንቋቸው ይላል። «የጻፉልን በስቶክሆልም የሚኖሩ ዶክተር ናቸው» ሲል ተጨበጨበ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞር ብላ እሷም አጨበጨበች።

ዘራፊዎቹ መጡ። ወንዙ መጣ። ዛፉ ጋ ሲደረስ እናቲቱ ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ቀና አሉ፤ አፋቸውን ከፈቱ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ልጃቸውም አፏን ከፈተች። አብረው ሊሉ ነው። መምህሩ «ተንበርክካ ጸለየች» ብሎ አለፈ።

እናቲቱ ዙሪያቸውን አዩ፤ ከዚያ የወንበሩን እጀታ ይዘው ተነሡና አንድ ነገር ተናገሩ። አዳራሹ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ ሰው በሚወዳቸው ሽማግሌ ላይ የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው። መምህሩ ማይኩን እንደያዘ ወርዶ ወረቀቱን እያሳየ ነገራቸው። ልጅቱ ሰምታ ተረጎመችልን፦ «"እኔ እንዲህ አልተናገርኩም" አለች። እሱ ደግሞ "እማማ፣ እርስዎ ረስተውት ነው፤ ይኸው ዶክተሩ ጽፈውታል" ይላታል።» እናቲቱ ወረቀቱን ጥቂት አዩት። ተቀመጡ። ማራገቢያውን ከዚያ በኋላ አላነሱትም።

«እነሱ ናቸው!» አለች ልጅቱ፤ ፊቷ ቀልቷል። «ቆርጠው አውጥተውታል! እርስዎ ይህን ያህል ለፍተው፣ እነሱ አበላሹት። ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ «ግድ የለም፣ አይዞሽ» አልኳት። እንዲህ አልኩ፤ አፌ ይህን አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ስትሄድ ሚስቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ተረቱን ፀጉሯን ስትታጠብ ከአንዴም ሦስቴ ሰምታዋለች። «አንተ ነህ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ለዛፉ የተባለውን ያስወጣኸው።»

«ለእሷው ብዬ...»

«ተው! ለእኔም ልትዋሽ? አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ እጅህን አላውቀውም?» ከታመመች ወዲህ ስትቆጣ ቃል ማውጣት ይከብዳታል፤ ይህንን ግን ሳትደናቀፍ ነው ያለችው። «ሰኞ ስትመጣ ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም፤ የራስህን ራስህ ተወጣው።»

ሰኞ ወተት አልቋል ብዬ ወጣሁና እስከ ሁስቢ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ረቡዕ የልብስ ማጠቢያ ተራችን ነው ብዬ ትቫትስቱጋ በሚሉት የሕንጻው የጋራ ማጠቢያ ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ባዶ ማሽን ፊት ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ሰው፣ የዕቃ መደበቂያ እንደሚፈልግ ሌባ! እዚያ ተቀምጬ ስንት የሰው ምስክርነት ላይ እጄን እንዳሳረፍኩ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ሚስቴ በእነዚያ ቀናት አላነጋገረችኝም። ልጅቱ በበኩሏ ለመምህሩ ቁጣ የተሞላበት መልእክት ጽፋለት ነበር፤ የእናቴን ታሪክ ሰርቃችኋል ብላ።

ዓርብ ልሸሽ ጫማዬን ሳጠልቅ በር ላይ ተገናኘን። አልፋኝ ገባች፤ ሚስቴን አጠበች፣ አለበሰች፣ ቁርሷን ሰጠቻት። ከዚያ ኩሽና መጥታ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። መምህሩ እኔ የላክሁትን ጽሑፍ እንዳለ ፎቶ አንስቶ ልኮላታል። ስሜ ከሥሩ አለ።

«ለምን?» አለችኝ።

ስለ ስሜ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ መናፍስት መንተባተብ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ዶክተር፣ እኛም እኮ ክርስቲያን ነን» አለች። «እናቴ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። መበለቲቱ ሰው ቤት ሲገባ እንደሚባለው ነው ያለችው። እርስዎ ሰው ቤት ሲገቡ አያንኳኩም?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የምጠጣውን መድኃኒት እንኳ ሰዓቱን ማስታወስ አቃተኝ ትላለች አሁን። ከበዓሉ በኋላ ነው እንዲህ የሆነችው። ራሷን አታምንም።»

የዚያኑ ዕለት ለኮሚቴው ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሮጊቷ እንዳሉት ነው ትክክሉ፣ እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ የአፈር ሰው ነኝ አልኩ። በትሕትና መለሱልኝ፤ መጽሐፉ ታትሞ ተሠራጭቷል፣ ወደፊት እናስብበታለን፣ ስለ ድንቅ ጽሑፍዎ እናመሰግናለን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጽሑፍስ?

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቱን ለመንኳት። እናቷን ራሴ ይቅርታ ልጠይቃቸው፤ አገናኚኝ አልኳት። እሺ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀባት። ረፋድ ላይ በቪዲዮ ደወለችላቸው። እናቲቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ እጃቸውን አነሱልኝ።

ተነሥቼ ቆሜ ተናገርኩ። «እናቴ፣ እርስዎ አልረሱም። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ለዛፉ የተባለውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ልጅቱ ተረጎመች። ምንም አልቀነሰችም፣ ድምፅዋ ያስታውቃል። እናቲቱ እያዳመጡ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ሳቅ አሉ።

«ዶክተሩ ትሑት ሰው ናቸው ትላለች» አለችኝ ልጅቱ፣ ሳታየኝ።

«አይደለም! ዋሽቷል በያት!»

«ብያታለሁ። ዶክተር አይዋሽም፣ መጽሐፍ አይተው ነው የሚያርሙት ትላለች። አያቴ ያልተማረች ነበረች ትላለች። አሁን ለጎረቤት ልጆችም ስነግራቸው እንደ እርስዎ ነው የምላቸው፤ ተንበርክካ ጸለየች እላለሁ ትላለች።»

እናቲቱ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉና ዝግ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ልጅቱ ለመተርጎም ዘገየች።

«አያቴ ግን ዋሽታኝ ነበር ወይ፣ ጠይቂልኝ ትላለች።»

«አልዋሹም» አልኩ። «አያትዎ አልዋሹም። እርስዎም አልረሱም። በይ ንገሪያት!»

ነገረቻቸው። እናቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁና በአዘኔታ አዩኝ፤ ለእኔ እንደሚያዝኑ ሁሉ። የተናገሩትን ልጃቸው ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«ሊያጽናኑኝ ብለው ነው ትላለች።»